«እናቴ እንግሊዝኛ አትችልም፤ ብቻዋን አሜሪካ ልትገባ ነው»

ጥያቄ፦

ሰላም ለዝግጅት ክፍሉ። የምጽፍላችሁ ከደሴ፣ ሆጤ ነው። እናቴ 66 ዓመቷ ነው። እህቴ ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ትኖራለች። የመጀመሪያ ልጇን ልትወልድ ስለሆነ እናቴ ልታርሳት ትሄዳለች። ቪዛው ተመትቷል፣ ትኬቱም ተቆርጧል። ከኮምቦልቻ አዲስ አበባ፣ ከዚያ ዋሽንግተን ደለስ ነው። እናቴ አውሮፕላን ተሳፍራ አታውቅም። ከአማርኛ ሌላ ቋንቋም የላትም። ሰሞኑን እንቅልፍ አጥታለች። «በሩ ላይ ምን ይሉኝ ይሆን?» ትለኛለች። ጎረቤት ደግሞ «ልታርስ መጣሁ እንዳትል፣ ለሽርሽር ነው ትበል» ብሎ መከረን። ይሄ ልክ ነው? ከአውሮፕላን ከወረደች በኋላ ምን ምን እንደሚገጥማት ንገሩኝ።

ሰ. ከደሴ

መልስ፦

እህቴ ሰ.፣ አብሽሪ። እናትሽንም «አብሽሩ» በይልኝ። የሚያልፉበት በር ብዙ የወሎ እናቶች ያለፉበት ነው። ብዙዎቹም እንደሳቸው አማርኛ ብቻ ነበር የያዙት።

ከሽርሽሩ ልጀምር፤ ከሁሉም የከበደኝ እሱ ነው። ያንን ምክር ተዉት። እናትሽ ኤምባሲ ሲቀርቡ ለምን እንደሚሄዱ ተጠይቀዋል። የሞሉት ፎርምም አለ። በሩ ላይ የሚቀመጠው መኮንን ይህን ከኮምፒውተሩ ማየት ይችላል። ልጅን ሄዶ ማየት፣ የልጅ ልጅን ማቀፍ ጥፋት አይደለም። የጎብኚ ቪዛ የሚሰጠው ለዚህም ጭምር ነው። «ሽርሽር» ካሉ ግን ቀጣዩ ጥያቄ «የት የት ሊጎበኙ ነው?» ይሆናል። ያኔ ምን ሊመልሱ ነው? ዋሽተው የማያውቁ እናት በዚህ ዕድሜያቸው ሰው አገር በር ላይ ውሸት አናስጀምራቸው።

እውነቱን ይናገሩ። አንዲት ቃል ብቻ ይቀይሩ። «ላርሳት» የምትለዋን። ምክንያቱን ከራሴ ቤት ልንገርሽ።

እናቴ በ2010 ዓ.ም. ወንድሜ ዘንድ ሄዳ ነበር። ሚስቱ ወልዳ ነው። ያረፈችበትን ከተማ መጥራት አያስፈልግም። መኮንኑ ለምን እንደመጣች ጠየቃት፤ አልገባትም። እዚያው ያደገ አንድ የእኛ አገር ልጅ አጠገቧ ነበርና «እኔ ላስተርጉምላት» አለ። ደግ ልጅ ነው። አማርኛው ግን ከቤት የለቀማት ትንሽ አማርኛ ናት። እናቴ «ምራቴን ላርሳት ነው የመጣሁት» አለችው። ልጁ የሚያውቀው ማረስ በበሬ የሚታረሰውን ነው። እንደገባው ተረጎመው። መኮንኑ ጋ የደረሰው «እርሻ ልትሠራ መጣች» የሚል ነው። በጎብኚ ቪዛ ሥራ መሥራት ክልክል ነው። ወደ ሌላ ክፍል ወሰዷት።

2 ሰዓት ከ10 ደቂቃ ተቀምጣለች። ውሃ ጠምቷታል፤ በምን ቋንቋ ትጠይቅ? የወንድሜ ስልክና አድራሻ የተጻፈበት ወረቀት ደግሞ በጭነት በሄደው ሻንጣ ውስጥ ነው። እዚያ የከተትኩት እኔ ነኝ። እስከ ዛሬ ይቆጨኛል። በኋላ አንዲት ሴት መኮንን መጣች። የቢሮ ስልክ ጠረጴዛው ላይ አድርጋ ድምፁን ከፍ አደረገችው። ከስልኩ ውስጥ «እማማ፣ እንደምን ዋሉ? አስተርጓሚ ነኝ» የሚል የሴት ድምፅ መጣ። እናቴ ይህን ስታወራ እዚህ ላይ ስትደርስ ሁልጊዜ የነጠላዋን ጫፍ ወደ ዓይኗ ትወስዳለች። ከዚያ በኋላ 5 ደቂቃ አልፈጀም። ማኅተም ተመታላት፣ ወጣች።

ስለዚህ እናትሽ ከመሄዳቸው በፊት አንድ የእንግሊዝኛ ቃል ይማሩ። «አምሃሪክ»። የቋንቋችን ስም ነው። ያልገባቸው ጥያቄ ሲመጣ «አምሃሪክ» ብለው ዝም ይበሉ። አማርኛ የሚያውቅ ሠራተኛ ይጠራላቸዋል፤ ከሌለም አስተርጓሚ በስልክ ይገኛል። ገንዘብ አይጠየቁም። አያፍሩም። የሚያሳፍር ነገር የለውም።

«የስ» የምትባለውን ቃል ግን ጨርሶ አታስተምሪያቸው። የእኛ እናቶች ሰው ላለማስቀየም ሁሉን «እሺ» ይላሉ። ራሳቸውን ይነቀንቃሉ። እዚያ «ተቀጥረው ሊሠሩ ነው?» ተብለው ራሳቸውን ቢነቀንቁ ነገር ይበላሻል።

መልሱን እንዲህ አለማምጃቸው፦

«ልጄን ለማየት ነው የመጣሁት። ልትወልድ ነው። የማርፈው እሷ ቤት ነው። ሁለት ወር እቆያለሁ። ከዚያ ደሴ፣ ቤቴ እመለሳለሁ።»

ሁለት ወር ያልኩት ለምሳሌ ነው። የመመለሻ ትኬቱ ላይ ያለውን ጊዜ ይናገሩ። አፋቸውና ትኬታቸው አንድ ይሁን። «ልጄን ልጠይቅ» ከሚሉም «ላይ» ቢሉ ይሻላል። እኛ ዘመድ እንጠይቃለን፣ አራስ እንጠይቃለን። አማርኛው የሳሳ ሰው ግን ጥያቄ ሊጠይቁ የመጡ ያስመስላቸዋል።

ቡና ሲፈላ አለማምጃቸው። አንቺ መኮንን ሁኚ፣ እሳቸው ይመልሱ። እናቴ ለሁለተኛ ጊዜ ስትሄድ ሦስት ቀን ሙሉ በአቦሉም በቶናውም በበረካውም እጠይቃት ነበር። መጀመሪያ ትስቅ ነበር። ሦስተኛው ቀን ላይ እኔ አፌን ሳልከፍት ትመልሳለች። ያን ጊዜ በሩ ላይ 10 ደቂቃ እንኳን አልቆመችም።

አሁን መንገዱን ልንገርሽ። ደሴ ጉም ሲለብስ ሐረጎን መውረድም ቀስ ብሎ ነው። ኮምቦልቻም አውሮፕላኑ በአየር ጠባይ ሊዘገይ ይችላል። የዋሽንግተኑ ግን አይጠብቃቸውም። አዲስ አበባ ዘመድ ካላችሁ አንድ ቀን ቀድመው ሄደው እዚያ ይደሩ። ሰዓቱንም አስተውይ። ትኬቱ ላይ 22:30 ቢል በእኛ ከምሽቱ 4:30 ነው። በዚህ ተሳስቶ በማግስቱ ቦሌ የተገኘ ሰው አውቃለሁ።

ዊልቸር ጠይቂላቸው። ቢያንስ ከ48 ሰዓት በፊት ለአየር መንገዱ ደውዪ ወይም ቢሮ ሂጂና ትኬቱ ላይ አስመዝግቢ። ነፃ ነው። እናትሽ «እኔ ሽባ ነኝ ወይ?» ማለታቸው አይቀርም፤ የእኔም ብላለች። ዊልቸር መራመድ ላቃተው ብቻ እንዳልሆነ ንገሪያቸው። ረጅም መንገድ ለማይችሉ፣ ጉልበት ለሚያማቸው ሰዎች ጭምር ነው። ትልቁ ጥቅሙ ደግሞ ሰው ማግኘታቸው ነው። የሚገፋው ሠራተኛ ከአውሮፕላኑ ይቀበላቸዋል፣ ሰልፉ ላይ አብሯቸው ይቆማል፣ ሻንጣቸውን ያነሳላቸዋል፣ እህትሽ እስከቆመችበት ያደርሳቸዋል። ቋንቋ የሌለው ሰው ከዚህ በላይ ምን ይፈልጋል? ለሠራተኛው ጉርሻ መስጠት እዚያ የተለመደ ነው። ጥቂት የተዘረዘሩ ዶላሮች ለብቻ ቋጥሪላቸው።

በረራው ረጅም ነው፤ ሌሊቱን ሙሉና ከዚያም በላይ ነው። አውሮፕላኑ አንዳንዴ መሀል ላይ ሌላ አገር አርፎ ነዳጅ ይቀዳል። ያን ጊዜ ደረስን ብለው እንዳይነሱ። አስተናጋጆቹ አማርኛ ይችላሉ። «ልጄ፣ ዋሽንግተን ነው?» ብለው ይጠይቁ። መድኃኒት የሚወስዱ ከሆነ ከነካርቶኑ በእጅ ቦርሳ ይሁን። ጠበልም ሆነ ዘምዘም ካለ ግን በእጅ አይያዝ። ከ100 ሚሊ ሊትር በላይ ፈሳሽ ፍተሻው ላይ ይወሰዳል፤ ደህና ታሽጎ በሻንጣ ይግባ።

ደለስ ሲደርሱ አንድ እንግዳ ነገር ያያሉ። ከአውሮፕላኑ እንደወጡ ወደ አንድ ሰፊ ክፍል ይገባሉ። ወንበር አለው፣ መስኮት አለው። ከዚያ ክፍሉ ይንቀሳቀሳል። ጎማ ያለው ተሽከርካሪ ነው። አየር ማረፊያው እ.ኤ.አ. በ1962 ሲከፈት ጀምሮ የነበረ ነው። መንገደኛውን ሜዳውን አቋርጦ ፓስፖርት የሚታይበት ሕንፃ ያደርሰዋል። ይህን ቀድመሽ ንገሪያቸው። ብቻቸውን ሆነው ክፍሉ ሲሄድ ከሚደነግጡ አውቀውት ቢገቡ ይሻላል።

ከዚያ ሰልፍ ነው። ለዜጎች የተለየ ሰልፍ አለ፣ ለእንግዶች የተለየ። እናትሽ የእንግዶቹ ናቸው። ብዙ አውሮፕላን አንድ ላይ ካረፈ ሰልፉ ከአንድ ሰዓት በላይ ሊወስድ ይችላል። ስለዚህ አውሮፕላኑ ውስጥ ሳሉ ሽንት ቤት ይግቡ። እዚያ አዳራሽ ውስጥ ስልክ መነካካት አይፈቀድም። እህትሽ ውጭ ሆና ብትደውል ላያነሱ ነው፤ እንዳትደናገጥ ንገሪያት። እሷም መግባት አይፈቀድላትም። እንግዳ የሚጠበቀው ከመውጫው በር ውጭ ነው።

መኮንኑ ፓስፖርታቸውን ይቀበላል። ፎቶ ያነሳቸዋል። ፊታቸው በደንብ ይታይ እንጂ ሻሻቸውን አድርገው መቆም ይችላሉ። ከዚያ አሻራ ነው፤ ጣታቸውን መስታወቱ ላይ ጫን ያድርጉ። እዚህ ላይ ሁለት ነገር ልብ በይ። ዕድሜ ልኩን እንዝርት ያሾረ፣ ሊጥ ያቦካ እጅ አሻራው ይሳሳል። ማሽኑ አንዳንዴ አላነብም ይላል። አውሮፕላኑ ውስጥ እጃቸውን ቅባት ይቀቡ፣ ቆዳው ይለስልስ። ሁለተኛው ሂና ነው። ለጉዞው ብላችሁ የጣታቸውን ጫፍ ሂና አታስሩላቸው። ከፈለጉ መዳፋቸው ላይ ይሁን።

ስም ላይም ጥያቄ ሊነሳ ይችላል። እናትሽ በአባታቸው ስም ይጠራሉ፣ እህትሽ በአባታችሁ ስም። እኛ ዘንድ የታወቀ ነው። እነሱ ግን የቤተሰብ ስም አንድ መሆን አለበት ብለው ያስባሉ። «ልጅዎ ከሆነች ስሟ ለምን ተለየ?» ሊባሉ ይችላሉ። የእህትሽ የልደት የምስክር ወረቀት የእናት ስም አለበት። ኮፒውን ያዙ። እህትሽም ከሐኪሟ የመውለጃ ቀኗን የሚገልጽ ደብዳቤ ብትልክላቸው ደግ ነው።

አሁን ዋናው ወረቀት። አንድ ካርድ ሥሪላቸው። የእኔ እናት ካርድ የእጅ መዳፍ ታክላለች። በአንዱ ገጽ በአማርኛ፣ በሌላው በእንግሊዝኛ ተጽፋ ፒያሳ አንድ ፎቶ ኮፒ ቤት በላስቲክ አሳሽጌያታለሁ። አንገቷ ላይ በምትንጠለጠል ትንሽ ቦርሳ ከፓስፖርቷ ጋር፣ ከነጠላዋ ሥር ትይዛታለች። እንዲህ ትላለች፦

«ስሜ እገሊት ነው። አማርኛ ብቻ ነው የምችለው። እባክዎ በስልክ አስተርጓሚ ያገናኙኝ። የመጣሁት ልጄን ለማየት ነው። ልጄ ውጭ እየጠበቀኝ ነው። ስሙ ይህ ነው፣ ስልኩ ይህ ነው፣ የቤቱ አድራሻ ይህ ነው። የምመለሰው በዚህ ቀን ነው። የደም ግፊት መድኃኒት እወስዳለሁ። ውሃ ቢሰጡኝ ደስ ይለኛል።»

የመጨረሻዋን ዓረፍተ ነገር አትዝለያት። እኔ ለምን እንደጻፍኳት ታውቂያለሽ።

ወደ ሌላ ክፍል ቢወስዷቸው መታሰር እንዳልሆነ ቀድመው ይወቁ። ብዙ ሰው ይገባል፣ ብዙ ሰው ይወጣል። ካርዷን ያሳዩ፣ «አምሃሪክ» ይበሉ፣ ይቀመጡ። በአማርኛ ሳይነበብላቸው ወረቀት ላይ አይፈርሙ።

መኮንኑ ሲጨርስ የሚቆዩበትን የመጨረሻ ቀን ይወስናል። ይህ ቀን ከቪዛው ቀን ይለያል። ቪዛው ላይ ያለው ቀን እስከ መቼ በሩን ማንኳኳት እንደሚችሉ ነው የሚናገረው። ምን ያህል እንደሚቆዩ የሚወስነው በሩ ላይ የሚሰጠው ቀን ነው። ብዙ ቤተሰብ በዚህ ተሳስቷል። ፓስፖርቱ ላይ ማኅተም ላይመታም ይችላል፤ መዝገቡ ኮምፒውተር ላይ ነው። «አይ-94» ይባላል። እህትሽ በዚያው ሳምንት ከድረ ገጹ ታውጣው፣ ቀኑን ትይ።

ቀጥሎ ሻንጣ ነው፣ ከዚያ ጉምሩክ። እዚህ ላይ ልቆይ፤ የእኛ ሰው ብዙ የሚቸገረው እዚህ ነው።

የሚፈቀደውን ላስቀድም። ቡና ይገባል፣ የተቆላም ጥሬም። በርበሬና ሽሮ፣ በሶ፣ ዳቦ ቆሎ በአብዛኛው ያልፋል። ቋንጣ ግን አይገባም። ሥጋ ነው፤ ከእኛ አገር የሚሄድ ሥጋ በእንስሳት በሽታ ምክንያት ክልክል ነው። ለአራስ ብላችሁ ብትለፉበትም እዚያ በር ላይ ይጣላል። ትልቁ ሕግ ደግሞ ይሄ ነው፦ ምግብ ይዘዋል ወይ ሲባሉ «አዎ» ይበሉ። አዎ ያለ ሰው የተከለከለ ቢገኝበት ዕቃው ይወሰድበታል፣ ይሄዳል። የለኝም ብሎ የተገኘበት ይቀጣል። የያዙትን ምግብ ዝርዝር በእንግሊዝኛ ጽፈሽ ከካርዷ ጋር አድርጊላቸው። ገንዘብም እንዲሁ ነው። መያዝ አይከለከልም፣ ከ10,000 ዶላር በላይ ከሆነ ማስመዝገብ ግዴታ ነው።

አደራ ደግሞ አለ። እናትሽ መሄዳቸው ከተሰማ ሆጤ ሙሉ ዕቃ ይዞ ይመጣል። «ለልጄ ይቺን ብቻ» ይባላል። እምቢ ማለት ይከብዳል፤ የኖርነው በአደራ ነው። ግን በሩ ላይ «ሻንጣውን ማን አዘጋጀው? ከሰው የተቀበሉት አለ?» ተብለው ይጠየቃሉ። ሻንጣው በእናትሽ ስም ነው። ውስጡ ለሚገኘው ሁሉ ተጠያቂ እሳቸው ናቸው።

አንዱን ነገር ሳልሸፋፍን ልናገረው። ጫት አሜሪካ ውስጥ የተከለከለ ነው። ጫት ደርቆ ሲፈጭ ሂና ይመስላል፣ ሻይ ቅጠል ይመስላል። «ሂና ነው» ተብሎ የተሰጠ ፌስታል የማን እናት ሻንጣ ውስጥ እንደሚገባ አስቢው። አብዛኛው ሰው ክፋት የለውም። ግን እናትሽ የሰው ልብ ሊመረምሩ አይችሉም፤ ፌስታል መፍታት ግን አንቺ ትችያለሽ። እንግዲህ ደንብ አውጪ፦ ያልተፈታ፣ ያልታየ ነገር አይገባም። ቂም የሚይዝ ካለ በአንቺ ይያዝ። «አየር መንገዱ ኪሎ ቀነሰብን» እያልሽም አትዋሺ። «እናቴ ናት፣ አልችልም» በይ። የገባው ሰው ይረዳሻል።

ሻንጣው ላይ ደማቅ ቀይ ወይም ቢጫ ጨርቅ እሰሪበት። ጥቁር ሻንጣ ሁሉ እዚያ ማሽን ላይ አንድ ነው የሚመስለው። ኮምቦልቻ ስታስረክቢ ሻንጣው እስከ ዋሽንግተን መሄዱን ጠይቂ፤ አዲስ አበባ የሚረከቡት ከሆነ እዚያ የሚቀበላቸው ዘመድ ይወቀው።

ከጉምሩክ በኋላ አንድ በር ነው የሚቀረው። እህትሽ ከበሩ ትይዩ ትቁም፤ ሆዷ ገፍቶ መቆም ከከበዳት ባሏ ወይም ጓደኛዋ ይምጣ። የሚመጣው ሰው ማን እንደሆነ ግን እናትሽ ቀድመው ይወቁ፣ ስሙም ካርዷ ላይ ይኑር። መኮንኖቹ አንዳንዴ ተቀባዩ ዘንድ ይደውላሉና ካርዷን እንደጨረስሽ ፎቶ አንሥተሽ ለእህትሽ በቴሌግራም ላኪላት። ስልኳም በዚያን ቀን ቻርጅ ሞልቶ፣ ድምፁ ተከፍቶ ይዋል።